ፈንክሽንን ወደ ኋላ ማስኬድ፦ ተገላቢጦሹን እንዴት እንጽፋለን?

ፈንክሽናል ፕሮግራሚንግ የጀመረ ሰው ብዙ ሳይቆይ አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። እዚህ ዓለም ውስጥ ፈንክሽን እንደ ማንኛውም ዳታ ነው። ለሌላ ፈንክሽን ይሰጣል፣ ከሌላ ጋር ተቀጥሎ አንድ ይሆናል። ታዲያ ፈንክሽን ተቀብሎ ተገላቢጦሹን የሚመልስ «ገልብጥ» የሚባል ፈንክሽን ለምን የለም? «3 ደምር»ን ስንሰጠው «3 ቀንስ»ን ቢሰጠን ምን ነበረበት?

ጥያቄውን በጣም እወደዋለሁ። እኔ ውዬ የማድረው ዳታን ከአንድ ቅርጽ ወደ ሌላ በመቀየርና መልሶ በማምጣት ነው። ስለዚህ የሥራዬ ግማሽ ተገላቢጦሽ መጻፍ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

መልሱ አጭር ነው። ለሁሉም የሚሆን «ገልብጥ» የለም። ፈንክሽን ለፕሮግራማችን የተዘጋ ነገር ነው። ግብዓት ይቀበላል፣ ውጤት ይሰጣል፣ በቃ። ውስጡን ከፍተን «እዚህ ጋ 3 ደምረሃል» ልንለው አንችልም። የሚቀረን ግብዓቶችን ተራ በተራ እየሰጠን የፈለግነው ውጤት እስኪመጣ መጠበቅ ነው። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ጆን ማካርቲ እ.ኤ.አ. በ1956 በቱሪንግ ማሽን (የኮምፒውተር ሒሳባዊ ሞዴል ነው) የሚሰሉ ፈንክሽኖችን ስለመገልበጥ ባሳተመው ጽሑፍ ይህንኑ ጉዳይ አንስቶታል። የመሞከሩ መንገድ በጽንሰ ሐሳብ ይሠራል። ችግሩ ሁለት ነው፤ ቀርፋፋ ነው፣ ደግሞም የምንፈልገው ውጤት ከነጭራሹ የማይገኝ ከሆነ ፕሮግራሙ ለዘላለም ይፈልጋል።

ስለዚህ ተገላቢጦሽ የሚወለደው እኛ ስለ ፈንክሽኑ ከምናውቀው ነገር ነው። ኮምፒውተሩ አያውቀውም፣ እኛ ግን እናውቃለን። ከዚህ በታች የማሳያችሁ መንገዶች ሁሉ «ስለዚህ ፈንክሽን ምን ታውቃለህ?» ብለው ይጠይቋችኋል። ኮዱን ሃስኬል ወደሚባለው የፈንክሽናል ቋንቋ አጻጻፍ አስጠግቼዋለሁ፤ ስሞቹንና ቁልፍ ቃላቱን ግን ለንባብ እንዲመቹ በአማርኛ አድርጌአለሁ። ወደምትሠሩበት ቋንቋ መመለሱ አይከብዳችሁም።

ምን ይጥላል?

ኪቦርዱን ከመንካታችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፦ ፈንክሽኑ ከግብዓቱ ውስጥ ምን ይጥላል? ለእኔ ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነው። ቀሪው ሁሉ ቴክኒክ ነው።

አንድ ምሳሌ እንይ። የአሃዞች ሊስት ተቀብሎ ቁጥር የሚሠራ ፈንክሽን አለን እንበል። ሊስቱን ከግራ ወደ ቀኝ በፎልድ ይሰበስባል፤ የተጠራቀመውን በ10 ያባዛል፣ ቀጣዩን አሃዝ ይደምራል።

ወደቁጥር [4, 0, 7] = 407

ተገላቢጦሹ ፎልዱ የሰበሰበውን ይፈታዋል። ለ10 አካፍሎ ቀሪውን እንደ አሃዝ ይይዛል፣ በድርሻው ይቀጥላል። («++» ሁለት ሊስቶችን ያያይዛል።)

ወደአሃዞች ቁ
  | ቁ < 10 = [ቁ]
  | ካልሆነ = ወደአሃዞች (ቁ ድርሻ 10) ++ [ቁ ቀሪ 10]

407 ገባ፣ [4, 0, 7] ወጣ። ደስ ይላል። አሁን [0, 4, 7] ስጡት። ወደቁጥር 47 ይለዋል። 47ን ስትመልሱት [4, 7] ታገኛላችሁ። ዜሮው የለም። [0, 0, 4, 7]ም 47 ነው። ባዶው ሊስትም ሆነ [0] ሁለቱም 0 ናቸው። ይህ የኮድ ስህተት አይደለም። መረጃው በመጀመሪያው ጉዞ ላይ ተጥሏል፣ የቱንም ያህል ጎበዝ ብትሆኑ ከ47 ውስጥ ልታወጡት አትችሉም። በዜሮ የሚጀምር የመለያ ኮድ ቁጥር ሆኖ ተቀምጦ ሲመለስ ዜሮው የሚጠፋው በዚሁ ምክንያት ነው።

ልብ በሉ፣ በሌላኛው አቅጣጫ ችግር የለም። ከቁጥር ተነስተን ወደ አሃዞች፣ ከዚያ ወደ ቁጥር ብንመለስ ሁልጊዜ የተነሳንበት ላይ እንደርሳለን። ተገላቢጦሽ በአንድ በኩል ብቻ ሊሠራ ይችላል ማለት ነው። በሁለቱም በኩል የሚሠራው፣ እያንዳንዱ ውጤት ከአንድ ግብዓት ብቻ የሚመጣ ሲሆንና ከግብዓት የማይደረስበት ውጤት ሳይኖር ሲቀር ነው።

የተጣለ ነገር ካገኛችሁ ምን ታደርጋላችሁ? መጀመሪያ ግብዓቱን ማጥበብ ትችላላችሁ፦ «በዜሮ የሚጀምር ሊስት አልቀበልም፣ ብቻውን የቆመ [0] ሲቀር» ብላችሁ። ወይም ሁሉንም ሊሆኑ የሚችሉ ግብዓቶች በሊስት ትመልሳላችሁ። ፕሮሎግ በሚባለው ቋንቋ ሁለት ሊስቶችን የሚቀጥለውን «አፔንድ» ወደ ኋላ ስታስኬዱት የሚሆነው ይሄው ነው። [1, 2, 3]ን ሰጥታችሁ «ከየትኞቹ ሁለት ሊስቶች መጣ?» ብትሉት አራት መልስ ይሰጣችኋል፤ ባዶውና ሙሉው፣ [1] እና [2, 3]፣ [1, 2] እና [3]፣ ሙሉውና ባዶው።

ሦስተኛው መንገድ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል፦ የሚጣለውን ነገር አብሮ መያዝ። ወደቁጥር 47 ብቻ ከሚመልስ ጥንድ ይመልስ፣ (3, 47)፤ የሊስቱን ርዝመትና ቁጥሩን። አሁን [0, 4, 7] ያለ ምንም ጥርጥር ይመለሳል።

ይህ ሐሳብ ጥልቅ ታሪክ አለው። ሁሉም ነገር በፈንክሽን ብቻ በሚጻፍበት የሒሳብ ሥርዓት፣ በላምዳ ካልኩለስ፣ «አንድ ጨምር» የሚለውን ፈንክሽን መጻፍ ቀላል ነው። «አንድ ቀንስ» ግን አስቸጋሪ ሆኖ ቆይቶ ነበር። ስቲቨን ክሊኒ የፈታው በጥንድ ነው። ወደ ላይ ሲቆጥር የአሁኑን ቁጥርና ከሱ በፊት የነበረውን አብሮ ያዘ፤ መጨረሻ ላይ የቀደመውን ማንሳት ብቻ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ ቻርልስ ቤኔት ማንኛውም ስሌት የሄደበትን መንገድ እየመዘገበ ከሄደ ወደ ኋላ ሊመለስ በሚችል መልኩ ሊሠራ እንደሚችል አሳይቷል። ሁለቱም ያደረጉት አንድ ነገር ነው፤ አልጣሉም።

ግብዓቶቹ ጥቂት ሲሆኑ

ሊኖሩ የሚችሉት ግብዓቶች ተቆጥረው የሚያልቁ ከሆኑ አትጨነቁ። ሁሉንም አስልታችሁ ሰንጠረዥ ሥሩ፣ ከዚያ ሰንጠረዡን ከውጤት ወደ ግብዓት አንብቡት።

ገልብጥ ፈ ግብዓቶች = ጠያቂ
  ሲሆን ሰንጠረዥ = ማፕ_ሥራ [ (ፈ ሀ, ሀ) | ሀ ← ግብዓቶች ]
       ጠያቂ ው = ፈልግ ው ሰንጠረዥ

እዚህ ጋ አንድ ትንሽ የምትመስል ትልቅ ነገር አለች። «ገልብጥ» ሁለት ነገር ብቻ ተቀብሎ ፈንክሽን ነው የሚመልሰው። ሰንጠረዡ በ«ው» ላይ ስለማይመረኮዝ «መልስ = ገልብጥ ኩብ [0..9]» ብላችሁ አንዴ ስታስሩት ሰንጠረዡም አንዴ ይሠራል፣ ከዚያ በኋላ ሁሉም ጥያቄ እሱኑ ይጋራል። «ገልብጥ ፈ ግብዓቶች ው = ...» ብላችሁ ሦስቱንም በአንድ መስመር ከተቀበላችሁ ግን በየጥሪው ሰንጠረዡ እንደ አዲስ ሊሠራ ይችላል። ኮድ ስገመግም ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው።

«ፈልግ» የሚመልሰው ደረቅ መልስ ሳይሆን «አለ፣ ይኸው» ወይም «የለም» የሚል ታይፕ መሆን አለበት፤ በሃስኬል ሜይቢ የሚባለው። ሊገኝ ለማይችል ውጤት ፕሮግራሙ እንዳይወድቅ ነው።

አሁን ከ0 እስከ 9 ያሉትን ቁጥሮች ውሰዱና የካሬያቸውን የመጨረሻ አሃዝ አስሉ፦ 0, 1, 4, 9, 6, 5, 6, 9, 4, 1። 4ም 6ም ወደ 6 ይሄዳሉ። ማፑ፣ ማለትም ሰንጠረዡ፣ በኋላ የመጣውን ብቻ ስለሚይዝ ለ6 የሚሰጣችሁ 6ን ብቻ ነው። 4 ድምፅ ሳያሰማ ጠፋ። ለዚህ ማፑን ስትሠሩ የተጋጩትን በሊስት የሚያጠራቅመውን ዓይነት ተጠቀሙ፤ ያኔ 6 → [4, 6] ይላችኋል። ግጭት መኖር አለመኖሩን ለማወቅ የማፑን መጠን ከግብዓቶቹ ብዛት ጋር ማወዳደር ይበቃል። እዚህ ማፑ 6 ነገር ይዟል፣ ግብዓቶቹ 10 ናቸው።

ካሬውን በኩብ ተኩት፦ 0, 1, 8, 7, 4, 5, 6, 3, 2, 9። ምንም ግጭት የለም! ደግሞ በደንብ እዩት። 2 ወደ 8፣ 8 ወደ 2፤ 3 ወደ 7፣ 7 ወደ 3። ሌሎቹ ባሉበት ናቸው። ይህ ፈንክሽን የራሱ ተገላቢጦሽ ነው። ሰንጠረዥ ካልሠራችሁ በስተቀር ይህን የመሰለ ነገር በቀላሉ ዓይን ውስጥ አይገባም።

የሰንጠረዥ ጉልበት ብዙ ሰው ያቃልለዋል። ሻ-256 የሚባለው የሃሽ ፈንክሽን (ማንኛውንም ዳታ ወደ አጭር አሻራ የሚቀይር) ወደ ኋላ እንዳይሄድ ተብሎ የተሠራ ነው፣ በአጠቃላይም አይሄድም። ነገር ግን ግብዓቱ ባለ 4 አሃዝ ሚስጥር ቁጥር መሆኑን ካወቅን ሊኖሩ የሚችሉት ግብዓቶች 10,000 ብቻ ናቸው። ከላይ ያለው ኮድ በአንድ ትንፋሽ ይጨርሰዋል። ከባዱ ፈንክሽን አልተሰበረም፤ የግብዓቱ ጥበት ነው ያጋለጠው።

ፈንክሽኑ ወደ ላይ ብቻ ሲሄድ

ግብዓቶቹ ማለቂያ ከሌላቸው ሰንጠረዥ አያዋጣም። ግን አንድ ነገር ብናውቅ ይበቃናል፦ ግብዓቱ ሲያድግ ውጤቱም የግድ ያድጋል። ያኔ ባይነሪ ሰርች ተገላቢጦሹን ይሰጠናል፣ ፈንክሽኑ ውስጥ ያለው ቀመር ምንም ይሁን ምን።

ባይነሪ ሰርች ላይኛና ታችኛ ወሰን ይፈልጋል። ላይኛውን ከየት እናመጣለን? 1, 2, 4, 8 እያልን በእጥፍ እንሄዳለን፣ ውጤቱ ዒላማውን አልፎ እስኪሄድ። ያለፈበት «ላይ» ይሆናል፣ ከሱ በፊት የነበረው «ታች»። ከዚያ ለሁለት እየከፈልን እናጠባለን።

አጥብብ ታች ላይ
  | ላይ − ታች == 1 = ታች
  | ፈ መሃል ≤ ዒላማ = አጥብብ መሃል ላይ
  | ካልሆነ = አጥብብ ታች መሃል
  ሲሆን መሃል = ታች + (ላይ − ታች) ድርሻ 2

በእያንዳንዱ እርምጃ የማይለወጥ አንድ እውነት አለ፦ ፈ ታች ከዒላማው አይበልጥም፣ ፈ ላይ ግን ይበልጣል። ኮዱን ከዚህ እውነት ተነስታችሁ ጻፉት። «እኩል» ምልክቱ የት ይግባ የሚለው ጭቅጭቅ ያኔ ይጠፋል። ዒላማው ከፈ 1 ያነሰ ከሆነ «ታች»ን 0 አድርጉ፣ ከፈ 0ም ካነሰ «የለም» በሉ። መሃሉን በመደመር ሳይሆን በልዩነት ያሰላሁት ቋሚ ስፋት ባላቸው ኢንቲጀሮች ላይ የሁለቱ ድምር ከቦታው እንዳይፈስ ነው።

በእጃችን እናስኪደው። ፈ ካሬ ነው፣ ዒላማው 2000። በእጥፍ ስንሄድ የ32 ካሬ 1024 ነው፣ የ64 ካሬ 4096። ስለዚህ ከ32 እስከ 64። መሃሉ 48፣ ካሬው 2304፣ አለፈ። 40፣ ካሬው 1600፣ አላለፈም። 44፣ ካሬው 1936፣ አላለፈም። 46፣ 2116፣ አለፈ። 45፣ 2025፣ አለፈ። ታች 44፣ ላይ 45፤ ቆምን። መልሱ 44።

የ44 ካሬ ግን 2000 አይደለም። እዚህ ጋ ምን እንደምትፈልጉ ወስኑ። «ከዒላማው የማይበልጠው ትልቁ» ከሆነ 44 ትክክለኛ መልስ ነው። ጥብቅ ተገላቢጦሽ ከፈለጋችሁ መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ «ፈ 44 = 2000 ነው?» ብላችሁ ጠይቁና ካልሆነ «የለም» መልሱ። ሁለቱን በተለያየ ስም ጻፏቸው። አንድ ስም ስር ከተደባለቁ የሚጠራቸው ሰው ይምታታበታል።

ይህ ፍለጋ የት እንደሚያበራ ላሳያችሁ። የጌኦርግ ካንቶር የጥንድ ፈንክሽን ሁለት የተፈጥሮ ቁጥሮችን ተቀብሎ አንድ ቁጥር ያደርጋቸዋል፣ ምንም ሳይጥል።

ጥንድ ሀ ለ = ሦስትማዕዘን (ሀ + ለ) + ለ
ሦስትማዕዘን ድ = ድ × (ድ + 1) ድርሻ 2

17 እና 25ን ስጡት። ድምራቸው 42፣ የ42 ሦስትማዕዘን 903፣ 25 ሲጨመርበት 928። አሁን 928 ብቻ ይዘን 17 እና 25ን እንፈልግ። ሦስትማዕዘን ወደ ላይ ብቻ የሚሄድ ፈንክሽን ነው፤ ፍለጋችን ይሠራበታል። ከ928 የማይበልጠው ትልቁ 903 ነው፣ ድ 42 ሲሆን፤ የ43 ሦስትማዕዘን 946 ስለሆነ ያልፋል። 928 − 903 = 25፣ ያ «ለ» ነው። 42 − 25 = 17፣ ያ «ሀ» ነው። ሁለቱም ተመለሱ። ቀሪው ከ42 በላይ ሊሆን አይችልም፣ ምክንያቱም ከ903 እስከ 945 ያሉት ቁጥሮች 43 ናቸው፣ ለእያንዳንዱ የ«ለ» ዋጋ አንድ። ስለዚህ ምንም ግጭት፣ ምንም ክፍተት የለም። እንደዚህ ገጥሞ ሲያልቅ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ለዚህ ተገላቢጦሽ በካሬ ሥር የሚሠራ አጭር ቀመርም አለ፣ ብዙ ሰው የሚጠቀመውም እሱን ነው። እኔ ፍለጋውን እመርጣለሁ። ባለ 64 ቢት ፍሎቲንግ ፖይንት፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ነጥብ ያላቸውን ቁጥሮች የሚይዝበት ቅርጽ፣ ከ9,007,199,254,740,992 በላይ ያሉትን ሙሉ ቁጥሮች ሁሉ በትክክል አይይዝም፤ «2 ለ53» ማለት ነው፣ 53 ሁለቶች እርስ በርስ ሲባዙ። ቁጥሩ ሲተልቅ የካሬ ሥሩ በአንድ ሊዛነፍ ይችላል፣ በአንድ የተዛነፈ ድ ደግሞ ፍጹም ሌላ ጥንድ ይሰጣል። ፍለጋው በገደብ የለሽ ኢንቲጀር ላይ ሲሄድ ይህ አያገኘውም። የእርምጃዎቹ ብዛትም በመልሱ ቢቶች ብዛት ልክ ነው የሚያድገው፤ ርካሽ ነው።

ሁለቱን አቅጣጫ አብሮ መጻፍ

እስካሁን የተጻፈ ፈንክሽን ይዘን ነው ስንገለብጥ የነበረው። ገና የምትጽፉት ከሆነ ግን ከዚህ የተሻለ መንገድ አለ። ሂያጁንና ተመላሹን በአንድ ጥንድ አስቀምጡ። በሃስኬል ላይብረሪዎች ውስጥ አይሶ ይሉታል።

አገናኝ (ሂድ1, ተመለስ1) (ሂድ2, ተመለስ2) = (ሂድ2 ∘ ሂድ1, ተመለስ1 ∘ ተመለስ2)

«∘» መጀመሪያ የቀኙን፣ ከዚያ የግራውን ፈንክሽን አስኪድ ማለት ነው። ሲሄዱ መጨረሻ የተሠራው ሲመለሱ መጀመሪያ ይፈታል። ይህን ቅደም ተከተል «አገናኝ» ውስጥ አንዴ ከጻፋችሁት ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን ያህል ረጅም ሰንሰለት ብትሠሩ ተገላቢጦሹ በነፃ ይመጣል። መገልበጥ ማለት የጥንዱን ሁለት ጎኖች ማቀያየር ብቻ ይሆናል። መጀመሪያ ላይ የለም ያልነው «ገልብጥ» በዚህ ታይፕ ላይ አለ፣ ርዝመቱም አንድ መስመር ነው።

ትንሽ ምሳሌ። ከ0 እስከ 25 ባሉ ቁጥሮች ላይ በ7 አባዛ፣ 3 ደምር፣ ለ26 አካፍለህ ቀሪውን ያዝ። የ«3 ደምር» ጓደኛ «3 ቀንስ» ነው። የ«በ7 አባዛ» ጓደኛ ደግሞ «በ15 አባዛ»፣ ምክንያቱም 7 × 15 = 105፣ እሱም ለ26 ሲካፈል ቀሪው 1 ነው። 5 ሲገባ 38፣ ቀሪው 12። ስንመለስ 12 − 3 = 9፣ 9 × 15 = 135፣ ቀሪው 5። በ7 ፋንታ 4 ብናደርግ ግን ጓደኛ አይገኝለትም። 0ም 13ም በ4 ሲባዙ ቀሪያቸው 0 ነው። እንደገና ያው ጥያቄ፦ ምን ተጣለ?

እውነት መመለሱን ማረጋገጥ

ተገላቢጦሽ ለመፈተን ከሁሉም የሚመች ነገር ነው፤ ትክክለኛውን መልስ ከውጭ ማምጣት አያስፈልግም። ሁለት ሕግ ትጽፋላችሁ፦

ተመለስ (ሂድ ሀ) = ሀ
ሂድ (ተመለስ ው) = ው

ከዚያ ኩን ክላሰንና ጆን ሂዩዝ እ.ኤ.አ. በ2000 ያስተዋወቁት ክዊክቼክ የሚባል የቴስት መሣሪያ ወይም የሱ ዝርያ ሕጎቹን በዘፈቀደ ግብዓት ያስኬዳቸዋል። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ሕግ ብቻ ጽፎ ያልፋል። ሁለቱንም ጻፉ፣ ሁለተኛው ላይ ነው ብዙ ነገር የሚገለጠው።

ተደጋጋሚ ፊደላትን በቁጥር የሚያጠቃልል ፈንክሽን ውሰዱ። «ሀሀሀለለ» [(3, ሀ), (2, ለ)] ይሆናል፣ ሲፈታም ልክ ይመለሳል። የመጀመሪያው ሕግ አለፈ። ሁለተኛውን በ[(1, ሀ), (2, ሀ)] ሞክሩት። ሲፈታ «ሀሀሀ»፣ ሲጠቀለል [(3, ሀ)]። አልተመለሰም። ይህ መጥፎ ላይሆን ይችላል፤ «ጎረቤታሞች አንድ ፊደል አይኑራቸው፣ ዜሮ ቁጥርም አይኑር» የሚል ደንብ ጽፋችሁ ለሁለተኛው ሕግ ደንቡን የሚያከብር ግብዓት ብቻ ማመንጨት ነው። ደንቡን ግን ቴስቱ ነው ያናገራችሁ።

ሃስኬል ውስጥ ጽሑፍን በመስመር የሚቆርጠውና መልሶ የሚሰፋው ጥንድም እንዲሁ ነው። የመጨረሻ መስመሩ በአዲስ መስመር ምልክት ያልተዘጋ ፋይል ቆርጣችሁ ብትሰፉት መጨረሻው ላይ አንድ ምልክት ተጨምሮ ይመጣል። ፋይሎችን በፊርማ ወይም በሃሽ የምታወዳድሩ ከሆነ ያቺ አንዲት ባይት በቂ ናት፣ ሁለቱ ፋይሎች የተለያዩ ሆነው ይወጣሉ።

በዘፈቀደ ለሚመጡት ግብዓቶች ብቻ አትተዉት። ባዶ ሊስት፣ ብቻውን ያለ 0፣ በዜሮ የሚጀምር ሊስት፣ ከ2 ለ53 አንድ ዝቅ ያለና አንድ ከፍ ያለ ቁጥር በእጃችሁ ጨምሩ። ለፍለጋው ደግሞ ዒላማው ልክ ፈ 32 ላይ፣ ልክ ፈ 64 ላይ ሲወድቅ ምን እንደሚመልስ እዩ።